የግራው ጎን ከላይ

ስልኬ ላይ «ጋሽ ደምስ ጃፓን» የሚለው ስም ሲመጣ አልጋ እየገጠምኩ ነበር። አንስቼ፣ ገና ሰላም ሳልባል፣ «እሺ ጃፓን፣ ቪዛዬ ወጣ?» አልኩ። ሁልጊዜ እንደዛ ነው የምለው። ከወዲያ የመጣው ግን የሴት ድምፅ ነው።

«እንድሪስ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«የእህቱ ልጅ ነኝ። ጋሼ አርፏል። ትናንት ቀበርነው። ስልኩ ላይ ብዙ የተደወለው ያንተ ቁጥር ስለሆነ ነው የደወልኩልህ።»

«እሺ» አልኳት። እግዜር ያጥናችሁ ማለት ትዝ ያለኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዛ የቀሩኝን አራት ብሎኖች አሰርኩ። ባለቤቱ መጥቶ አልጋውን በጋሪ ጭኖ ወሰደ። ጥሩ አልጋ ነው። ቆቦ ላይ እንደኔ አልጋ የሚሰራ የለም፣ ሮቢት ድረስ ቢኬድም የለም። ይህን ለጉራ አይደለም የምለው፣ የገዛ ሰው ይጠየቅ።

አልደነገጥኩም። አላለቀስኩም። ምሳ ሰዓት ላይ በላሁ። ጓደኞቼ «ምነው ዛሬ አልቀለድክም» ሲሉኝ ነው ቀኑን ሙሉ ዝም ማለቴን ያወቅኩት።

ሀሳብ የሆነብኝ ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ደምስ ተከራይቶ የኖረው እማማ ወርቄ ግቢ ነው። የእማማ ወርቄ ልጅ ሲሳይ ወደ አረብ አገር ሲሄድ ባህር ላይ ሞቷል። እናቱ አያውቁም ነበር። ቆቦ ላይ ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ ጋሽ ደምስና እኔ። እሱ ሲሞት እኔ ብቻ ቀረሁ። መርዶው እኔ ዘንድ ቀረ ማለት ነው። እናትየው እስከዛን ቀን ድረስ በየወሩ ለሚካኤል ጧፍ ይሳሉ ነበር፣ በሰላም መልስልኝ እያሉ።

ጽሑፍ የኔ ስራ አይደለም። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ በሰላም። ግን ጋሽ ደምስ ማን እንደነበር ሳልናገር ትቶብኝ የሄደውን ነገር መናገር አልችልም።

መጀመሪያ ወደ እንጨት ቤታችን የመጣ ቀን እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሲዞር ቆየ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስዕል የሚያስተምር አንድ የጎጃም ሰው መጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ቀጭን ነው፣ ኮቱ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ኮቱ ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስለው። የቁርቁራ ጣውላ አነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ጠመንጃ አነጣጠረበት። ከዛ አውራ ጣቱን እንጨቱ ላይ ቀስ አርጎ ሳበ። ከዛ እፍ አለበት። ከዛን ቀን ጀምሮ እንጨት ባሳየሁት ቁጥር እነዚህኑ ነው የሚያደርገው፣ አንድ ዓይን፣ አውራ ጣት፣ እፍ።

«ይችን ማን ላጋት?» አለኝ።

«እኔ።»

«ደህና ልገኻታል።»

«ደህና አይባልም። ቆቦ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የላገ ካለ አምጣው።»

«እንዲያ ነው? እስቲ እጅህን አምጣ» ብሎ ጣቴን ያዘና ጣውላው ላይ አስኬደው። መሃል ላይ ጎድጎድ ብላለች። ስህተቴን በጣቴ ያስነካኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። አባቴ በጥፊ ነበር የሚያስረዳኝ።

«ለምንህ ነው? ለበር?»

«ሰው ልቀርጽበት።»

«ጣዖት ነው እንዴ?»

«ማህተም በለው» አለኝ። «ትልቅ ማህተም።»

እሁድ ጣውላውን ተሸክሜ ቤቱ ሄድኩ። የእማማ ወርቄ ግቢ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ እሱ ያለው ከበሩ በስተግራ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። ስገባ ግድግዳው ላይ አስራ ሁለት ሰዎች አፈጠጡብኝ። ድሮ ሌላ ወረዳ ሲያስተምር ውሃ ሊቆፍሩ የመጡ ጃፓኖች ሲሄዱ የተዉለት የግድግዳ ካላንደር ነው። ጋሽ ደምስ ቀኑን በመቀስ ቆርጦ ጥሎ ሰዎቹን ብቻ ለጥፏቸዋል።

ፊታቸው ነጭ ነው፣ እንደ ተላጠ እንቁላል። ዓይናቸው ስንጥቅ ነው። ልብሳቸው ግን ሌላ ነው። ሰፊ ነው፣ እጅጌው እስከ ጉልበት ይወርዳል፣ ላዩ ላይ ሞገድ አለ፣ ወፍ አለ፣ የጥድ ቅርንጫፍ አለ፣ ትሪ የሚያህል አበባ አለ። ኪሞኖ ነው የሚባለው አለኝ። አንዱ ሰውዬ ዓይኖቹን ወደ አፍንጫው አጣሞ ጣቶቹን በርግዶ ቆሟል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«የትያትር ሰው ነው።»

«አይደለም። ትራፊክ ያስቆመው የባጃጅ ሾፌር ነው። መንጃ ፈቃዱን እቤት ረስቶ።»

ሳቀ። ጋሽ ደምስ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቀጥዬ አንዷን ሴት አሳየሁት፣ መስታወት ይዛ አንገቷን የምታየዋን። «ይችስ?» አለኝ። «ይች ሙሽራ ናት። ሚዜዎቹ ጎብዬ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው እየጠበቀቻቸው ነው።» ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዛ ወዲያ እሁድ እሁድ እዛው ሆንኩ።

አንድ ቀን «ፊታቸው ለምን ምንም አይልም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ፊት ዝም ይበል፣ ልብሱ ያውራ» አለኝ። «ፊቱን ካስለቀስኸው ያየው ሰው ሳያለቅስ ነው የሚሄድ።»

ያኔ አልገባኝም። አሁንም ሙሉ በሙሉ ገባኝ አልልም።

እሱ የስኳር በሽተኛ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም እየደከመ ነበር። በእርሳስ መሳል ይችላል፤ መሮ ይዞ እንጨት ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ማውጣት ግን አይችልም። ስለዚህ እሱ ይስላል፣ እኔ እቀርጻለሁ፣ ሁለታችን እናትማለን። ጃፓኖቹም እንደዚህ ነበር የሚሰሩት አለኝ፣ ሰዓሊው ሌላ ቀራጩ ሌላ። «ስሙ የሚጻፈው የማን ነው?» አልኩት። «የሰዓሊው።» «እንግዲያ ጃፓን አልሄድም» አልኩት። ከዛ ጀምሮ ነው ስልኬ ላይ ጃፓን ብዬ የመዘገብኩት።

ስዕሉን የሚስለው ጫማ በሚጠቀለልበት በዛ ስስ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን ፊቱን ወደ እንጨቱ አዙረህ በኮላ ትለጥፋለህ። መስመሩ በጀርባው ይታይሃል፤ መስመሩን ትተህ ሌላውን ታነሳለህ። መሮዎቹን እኔ ነኝ ከመጋዝ ስባሪ የሰራኋቸው። ቀለሙ ጥላሸትና የግራር ሙጫ ነው። ወረቀት ታለብሰውና በሾርባ ማንኪያ ጀርባ ትፈትገዋለህ። ስትገልጠው ሰው ይወጣል። መጀመሪያ የወጣ ቀን እኔ ራሴ ወደኋላ ብያለሁ።

የምንሰራው ጃፓኖችን አይደለም። የቆቦን ሰው ነው፤ አለባበሱና አቀማመጡ ብቻ ነው የነሱ። ለገበሬው ጋቢ ላይ ማሽላ ይስልለታል፣ ለባጃጅ ሾፌሩ ሽርጥ ላይ ጎማ። ቅቤ ነጋዴዋን ቀሚሷን ሙሉ ቅል በቅል አደረጋት። ሴትየዋ አይታው «እኔን ነው ቅሌን?» አለች፣ ግን ወስዳ ሰቀለችው።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበረው። ኪሞኖ ቁልፍ የለውም፣ እንደ ጋቢ ደረት ላይ ይደራረባል። የግራው ጎን ከላይ ከሆነ ሰውየው በህይወት ያለ ነው። የቀኙ ጎን ከላይ ከሆነ ሬሳ ነው፣ ሲገንዙ ነው እንደዛ የሚያደርጉት። ጋሽ ደምስ ይህንን ወደኛ ጋቢና ነጠላ አመጣው። የእማማ ወርቄን ሟች ባል ከጉርድ ፎቶ ሲስላቸው ቀኙን ከላይ አድርጎ ነው የሳላቸው። ሰው አያውቅም። እሱ ግን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ያወቅኩት በጥፋቴ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ሰይድን ስንሰራ ወረቀቱን ፊቱን ወደላይ አድርጌ ለጠፍኩት። መስመሩን በደንብ ልየው ብዬ ነው። ስናትመው ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ምላጩ በግራ እጁ ሆነ፣ ነጭ ካፖርቱ ደግሞ ቀኙ ከላይ ሆነ። ጋሽ ደምስ መነጽሩን አውልቆ አየው፣ አድርጎም አየው።

«ሰይድን ገደልኸው» አለኝ።

«ምን አደረግኩት?»

ነገረኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። ወረቀቱን ሊቀድደው ሲል ሰይድ ራሱ ሲያልፍ አየውና ነጥቆ ወሰደው። መስታወቱ አጠገብ ለጠፈው። ከዛ ጋሽ ደምስ ለአንድ ወር ያህል ፀጉሩ ሳያድግ ፀጉር ቤት ተመላለሰ።

«ሰይድ፣ ደህና ነህ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ መምህር። ምነው?»

«ራስህን አያምህም?»

«ኧረ ምንም የለኝ።»

ሰይድ እስከዛሬ አለ። እንደውም ወፍሯል። እኔ ግን ከዛ በኋላ የመጀመሪያ ስራዬ የደረቱን መደራረብ ማየት ሆነ። በዚህ ላይ ማንም አይበልጠኝም ብዬ ነበር።

ሲሳይ እኩያዬ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር። ኳስ ላይ እኔ እበልጠዋለሁ፣ ሌላው ላይ እሱ። አንድ ቀን ባጃጇን መልሶ፣ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ሄደ። ለእናቱ የነገራቸው ሚሌ ደርሶ ነው። እሳቸው ስልክ የላቸውም፣ ጆሯቸውም ትንሽ ይከብዳል፤ ስለዚህ የጋሽ ደምስን ቁጥር ይዞ ነው የሄደው። ሁለቴ ደወለ። ከዛ ዝም አለ።

እማማ ወርቄ ስለሱ «ነበር» የሚል ሰው አይወዱም። «ሲሳይ ጎበዝ ሹፌር ነበር» ካልክ «ነው በል» ይሉሃል፣ በእርጋታ፣ ወጥ ጨው አነሰው እንደማለት። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁላችንም ነው፣ ነው እንላለን።

ካቻምና ማሽላ ሲቆረጥ ነው ጋሽ ደምስ የጠራኝ። ስዕሉን አስቀድሞ ጨርሶታል። ሲሳይ ነው። ትቶት ከሄደው የቀበሌ መታወቂያ ላይ፣ አውራ ጣት ከምታክል ፎቶ አስፍቶ ነው የሳለው። ተቀምጧል፣ ፊቱ ምንም አይልም፣ ጋቢ ለብሷል። ጋቢው ላይ ከላይ እስከ ታች ሞገድ ነው። እዛ ጃፓኖቹ ልብስ ላይ ያለው ዓይነት፣ ጫፉ እንደ ጥፍር የተቆለመመ ሞገድ።

«ጋሼ፣ ቆቦ ላይ ምን ባህር አለ?» አልኩት። «ጎርፍ ብታደርገው ይሻላል።»

ትከሻው አልተንቀሳቀሰም። «ዝም ብለህ ቅረጽ» አለኝ።

ሞገዱን ሳልጀምር፣ እንደለመድኩት፣ ደረቱን አየሁ። የቀኙ ጎን ከላይ ነው።

ዓይኑ ደክሟል ብዬ ነው ያሰብኩት። ወላሂ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ሰው ሲያረጅ ራሱ ያወጣውን ሕግ ይረሳል፣ እናትየው ደግሞ ባያውቁትም የልጃቸውን ሬሳ አንሰቅልባቸውም ብዬ አሰብኩ። ብነግረው ያፍራል። ስለዚህ ደረቱ ላይ ያለችውን መስመር በላጲስ አጠፋሁና ግራውን ከላይ አድርጌ ሳልኩት። ፊቱን ወደታች ለጠፍኩት። ሶስት ሳምንት ቀረጽኩት። በህይወቴ እንደዛ ቀርጬ አላውቅም። እያንዳንዷን ሞገድ ለብቻዋ ነው ያወጣኋት። ከስራ ሁሉ ስራዬ የምለው እሱን ነው።

ያተምነው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። እኔ በማንኪያው ፈተግኩ፣ እሱ ወረቀቱን ገለጠ። ሲሳይ ወጣ። ጋሽ ደምስ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ከዛ ሁለቱንም ዓይን ገልጦ አየው።

«ደረቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ» አልኩ። «ተሳስተህ ነበር። ቀኙን ከላይ አድርገኸው ነበር። ምንም አይደለም ጋሼ፣ እኔ አስተካከልኩት።»

አመስግነኝ ልለው ስል በሩ ላይ እማማ ወርቄ ቆመዋል። ልብስ ሊያጥቡለት ሊወስዱ ነው የመጡት። ወረቀቱ ሲባጎው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ ነበር።

«ሲሳዬ ነው» አሉ።

ቀረብ አሉ። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ፣ ግን አልነኩትም።

«ከሳ እንጂ ደህና ነው» አሉ። «ጋቢው ላይ ያለው ምንድን ነው መምህር?»

ጋሽ ደምስ ሞገዱን አየ። «ማሽላ ነው እማማ» አላቸው። «ነፋስ ሲመታው።»

«አዎ፣ የእኛ ማሽላ እንዲህ ነው የሚተኛ።» ወደኔ ዞሩ። «አንተ ነህ የቀረጽከው? እጅህ ይባረክ። ቁጭ ያለ የሚተነፍስ ሰው አደረግከው እኮ። እኔ በውኔም በህልሜም ክፉ ክፉውን ሳይ ነው የከረምኩ። እንግዲህ አለ።»

ሳይጠይቁ አወረዱት፣ በሁለት እጃቸው፣ ውሃ የሞላ ሰሃን እንደሚያዝ አድርገው ይዘውት ወጡ። ልብሱን ሳይወስዱ ሄዱ።

«እንድሪስ» አለኝ ጋሽ ደምስ።

«አቤት።»

«የቀኙን ከላይ ያደረግሁት አውቄ ነው።»

እጄ በሙሉ ቀለም ነበር። ሄጄ ሳሙናውን አነሳሁና መታጠብ ጀመርኩ። እሱ ከኋላዬ ይናገራል። መጀመሪያ ከሲሳይ ጋር የተሳፈረ አንድ ልጅ ደውሎ ነበር አለኝ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች ብሎ። ጋሽ ደምስ ግን አንድ ሰው ያየው መርዶ አይሆንም ብሎ ቆየ። በወሩ ሌላ ልጅ ደወለ፣ የባህሩ ዳር አሸዋ ላይ በእጄ ቀብሬዋለሁ ብሎ። ስሙን፣ የግንባሩን ጠባሳ፣ ሁሉን ነገረው። ያኔ ነው የሳለው። በድን በሌለበት ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ፎቶ ነው የሚቀመጠው። እናቱ አውራ ጣት በምታክል መታወቂያ ላይ እንዳያለቅሱ ነው የሳለው። በሚቀጥለው ሳምንት የቅሬውን፣ የእድሩን ማለት ነው፣ ሽማግሌዎች ሊጠራ ነበር። ይህን ሁሉ ሲናገር እኔ እየታጠብኩ ነው። ሳሙናው አለቀ።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁንማ አለ ብለው ሄዱ» አለኝ።

እሱን ለሰው ስነግር ብርቱ ሰው ነበር እላለሁ። እዚህ ላይ ግን ብርቱ አልነበረም። ማሽላው ይሰብሰብ አለ። ተሰበሰበ። የሚካኤል ንግስ ይለፍ አለ። አለፈ። ከዛ ፆም ገባ፣ እንዴት በፆም አለ። ከዛ መንገድ ተዘጋ፣ ዘመድ ሳይመጣ እንዴት ይለቀሳል አለ። መንገዱ ሲከፈት ሌላ ነገር አመጣ። ሌሊት የሚያስነሳው ግን ሌላ ነው። «ልጁ ፍትሐት አልተደረገለትም» ይለኛል። «እኔ ነኝ ያስቀረሁበት።» «እኔ ነኝ እንጂ» እለዋለሁ። እንደ ሻይ ሂሳብ እንሻማበታለን።

እማማ ወርቄ በዛው ሰሞን ቤታቸውን ኖራ ቀቡ። መብላት ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ስዕሉ ፊት ቆመው የጤፍ ዋጋ ይነግሩታል። «አንተ እዛ ሆነህ ምን ታውቃለህ» ይሉታል። ሰፈሩ ሁሉ እያየ ይመርቀኛል። ገበያ ላይ ሴቶች «የወርቄን ልጅ ያወጣው ይሄ ነው» ይላሉ። እኔ በሰራሁት ወንበር ሁሉ የምኮራ ሰው፣ በሱ ስራ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም።

አምና ስኳሩ ኩላሊቱ ላይ ወጣ። ጡረታውን ይዞ ደብረ ማርቆስ፣ እህቱ ቤት፣ ሊሄድ ሆነ። ሚኒባስ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። ጃፓኖቹን ጠቅልሎ ለኔ ሰጠኝ፤ ክብደት ናቸው አለ፣ ወረቀት ምን ክብደት አለው። እማማ ወርቄ በመሶብ ቆሎ ይዘው መጥተው «ሲሳይ ሲደውል እንዲያገኝህ ቁጥሩን እንዳትቀይር» አሉት። «አልቀይርም» አላቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቴን ሳበኝ።

«እኔ እስካለሁ ይሄ ነገር የኔ ነው» አለኝ። «አፍህን ዝጋ። እኔ ከሌለሁ ግን እንዳታሳድረው።»

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ሰይድንም እኔንም ትቀብራለህ» አልኩት። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መኪናው ሄደ።

እሱ እንዳታሳድረው አለኝ፣ እኔ አራት ቀን አሳደርኩት። አንድ ቀን በር ሰራሁ። አንድ ቀን ቁምሳጥን ሰራሁ። አንድ ቀን ወደ እማማ ወርቄ ግቢ ሄጄ፣ በሩ ላይ ደርሼ፣ ማጠፊያው ላልቷል ብዬ አጥብቄላቸው ተመለስኩ። «በሰው ስልክ ባስደውል ደምስ አያነሳም፣ አንተ ጋ ደወለ?» አሉኝ። «ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። በአራተኛው ቀን ከሰዓት የቅሬው ዳኛ አባባ ሞላ ዘንድ ሄድኩና ሁለቱንም ሞት ባንዴ ነገርኳቸው። በግና ፍየል እንደሚነዳ።

አባባ ሞላ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «የልጁን ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ካቻምና ማሽላ ሲቆረጥ።»

«ያንተ አፍ ይህን ያህል መዘጋት ይችላል?»

«እኔም ገርሞኛል» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሱ። ከዛ፣ «ነገ ማለዳ እንሄዳለን። አንተም ትመጣለህ» አሉኝ።

«እኔ ምን ልሰራ አባባ? የሽማግሌ ነገር ነው።»

«ልጁ ከሞተበት የመጣውን ቃል የሰማ ደምስ ነው። ከደምስ የሰማህ አንተ ነህ። ቃሉ ያንተ ነው። እኛ የምንመጣ እሷን ልንደግፍ ነው።»

ቤቴ ሄጄ የምለውን አዘጋጀሁ። መርዶ የራሱ አነጋገር አለው፤ ሞት ለሰው ልጅ የተሰጠ ነው ተብሎ ይጀመራል፣ የነቢያት የቅዱሳን ሞት ይነሳል፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚደረሰው። መኝታዬ ላይ ሆኜ አስር ጊዜ ደገምኩት። ጥሩ አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት፣ ከቄስ የማያንስ።

ጎህ ሲቀድ አራት ሽማግሌዎችና እኔ በሩ ላይ ቆመናል። አምስታችንም ጋቢ ለብሰናል። አባባ ሞላ አንኳኩ። እማማ ወርቄ ነጭ ነጠላ ጣል አድርገው ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ከነጋቢው በር ላይ ቆሞ ሲያዩ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። እጃቸውን የበሩ መቃን ላይ አደረጉ።

«ደምስ ነው አይደል?» አሉ። «ስልኩን ካላነሳ ሰነበተ። አውቄዋለሁ። ደምስ ነው?»

አባባ ሞላ መሬት መሬቱን አዩ። ሌሎቹም። ካዘጋጀሁት ሁሉ የመጀመሪያው ቃል እንኳን አልመጣልኝም። እማማ ወርቄ ከሁሉም አልፈው እኔን አዩኝ።

«እሱም» አልኳቸው።